የአሥራ አራተኛው ምዕራፍ ትንፋሽ

እስካሁን አብራችሁኝ የዘለቃችሁ ሁለቱንም ታውቋቸዋላችሁ። ዛሬ ገና ብቅ ያላችሁም አይክፋችሁ፤ ነገሩን በአጭሩ ላስጨብጣችሁና ወደ ጉዳችን እንገባለን። የዛሬው አያስቅም። ቀድሜ ነግሬያችኋለሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

እሷ መጻሕፍትን በድምፅ በሚያሳትም ድርጅት ውስጥ የድምፅ አርታኢ ናት። የድርጅቱ ባለቤት አባቷ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጆሮ ማዳመጫ ደፍታ የሰው ንግግር ስትቆርጥና ስትቀጥል ስለምትውል የቢሮው ሰው ሁሉ «መቀስ» ይላታል፤ እሷም ለምዳዋለች። እሱ ደግሞ አንባቢ ነው። እዚያ ከመምጣቱ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት ሲጠራ ስለኖረ፣ ተዋናዮቹ ሊያሾፉበት «ጥሩምባው» ብለው ስም አወጡለት። የወጣለት ለማንጓጠጥ ነበር። መቀስ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ቁልምጫ ሆነና አረፈው።

የቀረጻ ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው መስተዋት ወዲያ እሱ፣ ወዲህ እሷ። ሲሳሳት በጣቷ አንጓ መስተዋቱን ሁለቴ ታንኳኳለታለች፤ እሱም ወደ አረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይመለሳል። የቀረጻ ክፍሉ ደንብ ይኸው ነው፤ ሁለቴ ከተንኳኳ «ተመለስ፣ ከመጀመሪያው በለው» ማለት ነው። በኋላ ሳይሳሳትም ታንኳኳለት ጀመር፤ ቀና ብሎ እንዲያያት ብቻ። እሱም ነገሩ ገባው። ያንኑ አረፍተ ነገር ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል ይደግመዋል። ፍቅራቸው እንዲህ ተጀመረ፤ «እወድሻለሁ» ለማለት እንኳ ሦስት ወር ፈጀባቸው፣ ደንቆሮዎች።

አባትየው ሲሰሙ ቤቱ ተናወጠ። «መናኸሪያ ለመናኸሪያ ሲጮህ የኖረ ሰው እኔ ቤት በየት በኩል ነው የሚገባው?» አሉ። ልጅቷ ደግሞ የአባቷ ልጅ ናት፣ ግትር። ሲከራከሩ ከርመው በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ።

«ነቅቶ የቀረው» የሚባል ዕድሜ ጠገብ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አለ። ወደ ሩቅ ኮከብ በሚጓዝ መርከብ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ተኝቶ፣ አንድ ዘበኛ ብቻ ዕድሜውን ሙሉ ነቅቶ የሚጠብቅበት ታሪክ ነው። ያ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ይቀረጽ ተባለ። አንዱ በአሥራ አንድ ተዋናዮች፣ በሩ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሲያጉረመርም እየተሰማ። ሌላው በጥሩምባው ብቻ፤ ዘበኛውም እሱ፣ ካፒቴኑም እሱ፣ የምትናገረዋም ማሽን እሱ። ሁለቱም ለሁለት ወር ይለቀቃሉ፣ አድማጭ ይፈርዳል። ብቻውን ያነበበው ካሸነፈ ቀጣዮቹ አሥራ ሁለት የቆዩ መጻሕፍት የእሱ ናቸው፤ አባትየውም በራቸውን ይከፍቱለታል። ካልሆነ እሱ ወደ መናኸሪያው፣ እሷም አፏን ይዛ ወደ ሥራዋ። አባትና ልጅ የተወራረዱት በአንድ ሰው ጉሮሮ ነበር።

* * *

ሁለት ወሩ አለቀና አንድ ዓርብ ጠዋት ሁሉም ስብሰባ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። አባትየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ራስጌ ላይ፣ ተዋናዮቹ በግራና በቀኝ። ጥሩምባው አልነበረም፤ ለአሥር ቀን ፈቃድ ወጥቷል፣ ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። የአድማጮችን አስተያየት ጮክ ብላ የምታነበው መቀስ ናት። ከላይ ያለውን ወረቀት አነሳች።

«እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ለጋቢናዬ አንድ ሰው ይበቃኛል። አሥራ አንድ ሰው አሳፍሬ ትራፊክ ቢይዘኝ ምን ልለው ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አባትየውም ፈገግ አሉ። መቀስ ልቧ ቀለል አላትና ቀጠለች።

«ተረኛ ነርስ ነኝ። የተዋናዮቹን ስሰማ በሩ በተከፈተ ቁጥር ዞር ብዬ አያለሁ። መርከቡ ውስጥ ነኝ ማለት ነው። አንድ ሰው ሴትዮዋንም ካፒቴኑንም ልሁን ሲል ግን ሳቄ ይመጣል፣ ይቅርታ።»

«ሞተሩ ሲጮህ ቃሉ አይሰማኝም። እኔ ያዘዝኩት መጽሐፍ ነው ወይስ ጋራዥ?»

«ሚስቴ አሥራ አንዱን ትወዳለች፣ እኔ አንዱን። ምሳ ለየብቻ መብላት ከጀመርን ሳምንት ሆነን። መፍትሔ ስጡን።»

እስከዚህ ድረስ እኩል ለእኩል ነበር። ወደ መሐል ሲገባ ግን አስተያየቱ ሁሉ የተመካከረ ይመስል አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰብ ጀመር። «እስከ አሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቃሉ አለ፣ ሰውየው የለም።» «ከአሥራ አራት ጀምሮ ማሽን ነው እንዴ ያነበበው?» «አሥራ አራተኛው ላይ ልቤ ሻከረ፣ ወደ ተዋናዮቹ ዞርኩ።» እያነበበች ሄደች። ቆጥረው ሲጨርሱ ከአሥሩ ሰባቱ ለተዋናዮቹ ነበር።

አባትየው አልፎከሩም። መነጽራቸውን አውርደው ጠረጉትና፣ «አድማጭ ፈርዷል፣ ልጄ» አሉ፤ ይኸው ነው።

አንድ ፖስታ ቀርቶ ነበር። መቀስ ከፍታ ለራሷ አነበበችው። «ማየት የተሳነኝ ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ ይህን የጻፈችልኝ ጎረቤቴ ናት። እኔ ሰውን የምለየው በትንፋሹ ነው። ይህ አንባቢያችሁ እስከ አሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ይተነፍስ ነበር። ከአሥራ አራተኛው እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ አልተነፈሰም። ትንፋሹን ማን ወሰደበት? እባካችሁ መልሱለት።»

«እሱስ ምን ይላል?» አሉ አባትየው።

«ያው ነው» አለችና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ምን አድርጋ እንደሆነ ልንገራችሁ። አሥራ አራተኛውን ምዕራፍ ስታርም ነው፣ በማዳመጫው ውስጥ ከትንፋሹ ጫፍ ላይ ቀጭን ፉጨት ሰማች፤ በደንብ ያልተዘጋ መስኮት ነፋስ ሲያገኘው እንደሚያፏጨው። ወዲያው የታያት አባቷ ናቸው። «ይህ ሰውዬ ድምፁ አልቋል፣ አሰናብቱት» ሲሉ ታያት። ስለዚህ ያችን ትንፋሽ ቆረጠቻት። ቀጥላም ሁለተኛዋን። በሚቀጥለው ሳምንት ድምፁ ራሱ ሲሻክር ሻካራውን በኮምፒውተር አለሰለሰችው። አሥራ ስምንት ምዕራፍ ሙሉ ሰውየውን ትንፋሽ በትንፋሽ ለቀመችው። ከፍቅር ብዛት ነው ያደረገችው፤ ይህን እመኑኝ።

* * *

ቀትር ላይ ጥሩምባው መጣ። ሻርፕ ጠምጥሟል፣ ከስቷል። ከሰው ጋር ሳይነጋገር ቀጥ ብሎ ቀረጻ ክፍሉ ገባና የለመደው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ተሸነፍኩ አይደል?» አላት። ድምፁ ከሥር ነው የሚወጣው።

«ለትንሽ ነው...»

«አታባብዪኝ። ምን አሉ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው ወረቀቱ፣ እየው» አለችና ዞር ብላ በሩን ዘጋች። ያ ፖስታ እዚያው ውስጥ መሆኑ ትዝ ሲላት ጊዜው አልፎ ነበር። ስትዞር በእጁ ይዞታል። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበ፣ ሲጨርስ እንደገና አነበበ።

«ትንፋሼን ቆርጠሽዋል?»

ወረቀቱን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች፤ አልሰጣትም።

«እኔ ራሴ ስሰማው አንድ ነገር ጎድሎት ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። አንቺ ነሽ የሠራሽው ብዬ አመንኩ።» ወረቀቱን አጣጠፈ። «አባትሽ ናቸው ያዘዙሽ? ወይስ በራስሽ? ‹ይሸነፍና ይሂድልኝ› ብለሽ?»

«እንደሱ አይደለም!»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ስለ ፉጨቱ ብትነግረው፣ ሰምታ ዝም ማለቷንም መንገር ሊኖርባት ነው። አፏን መልሳ ዘጋች። እሱ ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እኔ እኮ ሲያንኳኩልኝ የምመለስ ሰው ነኝ» አለ። «አንቺ ግን አላንኳኳሽልኝም።»

በሩን እንኳ ሳያጋጨው ወጣ። እሷ ባዶውን ወንበር እያየች እዚያው ቀረች፤ ዕንባ እምቢ አላት።

* * *

ስምንት ቀን ስልኩን አላነሳም። በዘጠነኛው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ታላቅ እህቱ ጋ ሄደች። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ወንድሟን እንደ እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። መቀስ ስትገባ መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ የሙሽራ ቀሚስ ወገብ እያጠበበች ነበር። ቀና ብላ አየቻትና መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካች።

«እትዬ፣ ስልክ አያነሳልኝም» አለች መቀስ።

«እንዴት ያንሳ? ለማነጋገር እኮ ድምፅ ያስፈልጋል።» እህትየው ወንበር አልሰጠቻትም። «አልነገረሽም ማለት ነው። ነገ ሆስፒታል ይተኛል፤ ሰኞ ቀዶ ጥገና ነው። ማንቁርቱን ሊያወጡት ነው። ዕጢ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ በአንገቱ ቀዳዳ ነው የሚተነፍሰው፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለም።»

መቀስ የተቆለለ ጨርቅ ላይ ተቀመጠች።

«ሐኪሙ ‹ከአምስት ወር በፊት ብትመጣ ኖሮ በጨረር ብቻ እንሞክርልህ ነበር› አለው» አለች እህትየው። «እኔ ስንት ጊዜ ነገርኩት። ‹ድምፅህ ሻክሯል፣ ታይ› ስለው ያንን ስልኩን ያወጣና የቀረጻችሁትን ይከፍትልኛል። ‹ይኸው ስሚ፣ ጥርት ያለ ነው፣ የመናኸሪያ አቧራ ነው ሌላው› ይለኛል። እኔም እሰማለሁ። እውነትም ጥርት ያለ። እንዲያውም ጆሮዬን ነው የጠረጠርኩት።»

አምስት ወር። መቀስ ወደ ኋላ ቆጠረች፤ ሁለቱን የአድማጭ ወራት፣ ለሕትመት የተዘጋጁበትን አንድ ወር፣ በሳምንት ሁለት ሁለት ምዕራፍ የቀረጹበትን ዘጠኝ ሳምንት። ቆጠራው ሄዶ ሄዶ አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ቆመ።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ውኃ ላምጣልሽ?» አለች እህትየው፣ ድንገት ለስለስ ብላ። መቀስ ለዚያ ደግነት ፊት አልነበራትም። ጨርቁን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ አንገቷን ደፋች።

ከሰዓት በኋላ ለአባቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ከዚያ፣ «አልዋሽሽም፣ ብሰማው ኖሮ አባርረው ነበር» አሉ። «ግን ሳባርረው ‹ሂድ ጉሮሮህን ታይ› እለው ነበር።» ይህን ያሉት ሊወጓት አልነበረም። እሷ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያች አረፍተ ነገር የወጋት የለም።

* * *

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘችው። ሻርፑን እንደጠመጠመ ብቻውን ተቀምጧል። ሲያያት አልተነሳም።

«እህቴ ናት የነገረችሽ?» ሹክሹክታ ሆኗል ድምፁ።

«አዎ።»

«ልታዝኚልኝ ከሆነ ተመለሽ። የቀረኝ ድምፅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ለልቅሶ አላወጣውም።»

«ልነግርህ ነው የመጣሁት።» ለመቀመጥ ድፍረት አጥታ ፊቱ ቆመች። «እንድትሸነፍ ብዬ አይደለም የቆረጥኩት። አባዬም አያውቁም ነበር። ትንፋሽህ ያፏጭ ነበር። ከአሥራ አራተኛው ምዕራፍ ጀምሮ። አባዬ ከሰሙ ያሰናብቱሃል ብዬ ፈራሁ፤ እየለቀምኩ አወጣሁት። ሻካራውንም አለሰለስኩት።»

ከፊታቸው አንዲት ነርስ የተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አለፈች፤ እሷ እስክታልፍ ድረስ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ሰምተሽው ነበር» አለ።

«ሰምቼው ነበር።»

«ከሐኪሙ በፊት።»

«ከሁሉም በፊት።»

«ጉንፋን መስሎሽ ነው?»

እዚህች ላይ መዋሸት ትችል ነበር። እሱ ራሱ በሩን ከፍቶላታል፤ «አዎ» ብትል ያልፋል። እኔ ብሆን እል ነበር መሰለኝ። «መጀመሪያ መስሎኝ ነበር» አለች። «በሦስተኛው ሳምንት ግን ጉንፋን እንደዚያ እንደማይከርም አውቄያለሁ። ብነግርህ ትሄዳለህ፣ አባዬም ሌላ ሰው ያስገባሉ፣ አጣሃለሁ ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«እህቴ ስትጨቀጭቀኝ የማሰማት ያንቺን ሥራ ነበር።» በየመሐሉ ለመተንፈስ ያርፋል። «እያመመኝ ማዳመጫውን እሰካና ‹ይኸው፣ ደህና ነኝ› እላለሁ። ከገዛ ጉሮሮዬ ይልቅ አንቺን አመንኩ። ቆንጆ አድርገሽ ነበር የሠራሽው፤ እንዳንቺ የሚቆርጥ የለም።»

ይህን ሲል አልጮኸም። መጮህም አይችልም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ጣልሽው?» አላት ቆይቶ።

«ምኑን?»

«ትንፋሼን።»

«አልጣልኩትም። ያንተን ነገር መጣል አልሆነልኝም። ሁሉንም ቀጣጥዬ አስቀምጬዋለሁ።»

«አሰሚኝ።»

አጠገቡ ተቀመጠች። አንዱን ማዳመጫ እሱ፣ አንዱን እሷ ሰኩ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነው፤ ቃል የለውም፣ የአንድ ሰው ትንፋሽ ብቻ። መጀመሪያ ላይ ፉጨቱ ሊሰማም ላይሰማም ይችላል። እየቆየ ይወፍራል። ወደ መጨረሻው ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ይንቋረራል። ጥሩምባው ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ሕመም ከሥሩ ሲያድግ ሰማው፤ አንዲትም ጊዜ አሳልፊው አላላትም።

ሲያልቅ፣ «ያወቅሽው የትኛው ላይ ነው?» አላት።

መለሰችው፣ ፈለገች፣ አገኘችው። «ይሄ።»

ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሦስት ጊዜ አስደገማት። እዚያች ላይ መስተዋቱን ብታንኳኳ ኖሮ ሰውየው ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ አይቀመጥም ነበር። ይህን ሁለቱም አወቁት፤ አንዳቸውም አልተናገሩትም።

«ነገ ቃልህ የለም» አለች፣ ዕንባዋ አሁን ገና መጣ። «አሁን ባለህ ድምፅ ይቅር ብዬሻለሁ በለኝ። ወይም አልልሽም በለኝ። አንዱን ከአፍህ ልስማና ልኑር።»

ቀና ብሎ አያት። ያ ዱሮ ከመስተዋቱ ወዲያ ሆኖ የሚያያት ዓይኑ ነው፤ ምንም አልተለወጠም፤ ክፋቱ እሱ ነበር።

«ስለምወድሽ ልዋሽሽ እችላለሁ» አለ። «ግን አልመጣልኝም። የመጣ ዕለት እጄ ይጽፍልሻል፤ አንቺ ዓይን አለሽ፣ ታነቢዋለሽ። እኚያ መምህር ግን አያዩም። ለእሳቸው በጽሑፍ አልደርስላቸውም። ስልክሽን አውጪና ቅረጪኝ።»

ቀረጸችው። ሻርፑን ፈታ አደረገ፣ መናኸሪያ እንደለመደው አገጩን ቀና አደረገ።

«መምህር፣ ‹ነቅቶ የቀረው›ን ያነበብኩልዎት ሰው ነኝ። እውነትዎን ነው፣ እተነፍስ ነበር። ትንፋሼን ያወጣነው እኛው ነን፣ እኔና አርታኢዬ። አሁን ይመለስልዎታል። ስለሰሙኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

በየአረፍተ ነገሩ መሐል ፉጨቱ አለ። «ይቺን እንዳትቆርጫት» አላትና ዝም አለ። ለእሷ ከዚያ ወዲያ የተናገራት ቃል የለም። «እኔና አርታኢዬ» ያላትን ግን ወደ ቤቷ ስትሄድ ይዛት ሄደች፤ ሰው ያልተገባውን ነገር ሲሰጠው እንደሚያፍረው እያፈረች።

* * *

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ፤ ሰላም ካላችሁት። መቀስ የአሥራ ስምንቱን ምዕራፍ ትንፋሽ አንድ በአንድ ወደየቦታው መለሰች፤ አንድ ወር ፈጀባት። ሲለቀቅ አድማጩ ፍርዱን ገለበጠው። ሹፌሩ ሳይቀር፣ «ሰውየው ተመለሰ፣ ጋቢናዬ ሞቀ» ብሎ ጻፈ። አሥራ ሁለቱ መጻሕፍት የጥሩምባው ሆኑ፤ የሚያነብበት ድምፅ ግን የለም። አባትየው ራሳቸው ልብስ ሰፊዋ ቤት ድረስ ሄደው፣ ጨርቅ ከተቆለለበት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «ልጄ» አሉት። እሱ ራሱን ነቀነቀላቸው። ሌላ ምን ያድርግ?

መቀስ በየሁለት ቀኑ ትመጣለች። እሱ ጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ደብተርና እርሳስ አኑሯል። ይጽፍላታል፤ «ሻይ»፣ «መስኮቱን»፣ «አባትሽ እንዴት ናቸው»። የምትጠብቃትን ቃል ግን አልጻፈም፤ እሷም አልጠየቀችም።

አንድ ቀን ጠዋት ከመምህሩ ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰ። ይዛለት መጣች። ከፊቱ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነብለት ጀመር፤ አሁን አንባቢዋ እሷ ናት።

«ድምፅህን ላክህልኝ፣ ትንፋሽህንም መለሳችሁልኝ፤ ተባረኩ። አሥራ አንዱም ሰዎች ጎበዞች ናቸው፣ ነገር ግን ከእነሱ ሁሉ አንተ አንዱ ትሻለኛለህ፤ ዘበኛው ብቻውን ነበርና ብቻውን የሆነ ሰው ሊያነበው ይገባል...»

ዓይኗ ወደ ታች ወረደና ቀጣዩን አየ። ድምፏ ሳይንገራገጭ፣ እጇም ሳይንቀጠቀጥ፣ አርታኢ ናትና፣ ዘለለችው። «እንግዲህ ጤና ይስጥልኝ፣ አክባሪህ» ብላ ጨረሰች።

ጥሩምባው አላመነም። ዕድሜውን ሙሉ አረፍተ ነገር ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፤ የተቆረጠ ቦታ ያውቃል። አያት። ዓይኗን ወደ መስኮቱ አሸሸች።

እጁን ዘረጋ። ደብተሩን ያነሳል ብላ ጠበቀች። በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳ።

ወረቀቱን መልሳ አነሳችው። አንድ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች፣ ከዘለለችው አረፍተ ነገር መጀመሪያ ተመለሰች፣ ዓይኗንም ከዓይኑ ሳትነቅል አነበበችለት።

«ከአሥራ አራተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ትንፋሽህ ውስጥ ፉጨት ሰማሁ፤ እንቅልፍም ነሳኝ፤ አጠገብህ ጆሮ ያለው ሰው ካለ፣ እባክህ፣ ዛሬውኑ ይንገርህ።»